በልጅ ስም

ሽታዬ እንደ ወትሮዋ በማለዳ ተነሳች። የተቀቀለ ጎዳሬ በሚጥሚጣ ቀማመሰች፣ በሩን ቆልፋ ነቅነቅ አድርጋ አየችው፣ የዳሞታን ተራራ የሸፈነው ጉም ሳይገፈፍ ባጃጅ ይዛ ክሊኒኩ ደረሰች። የካርድ ክፍሉን መስኮት ከፈተች። የወንበሯን ትራስ አራገፈች። ከዚያ አሮጌውን ኮምፒውተር አበራችው። ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው።

አዲሱን ፕሮግራም የሠራችው ረድኤት ቀድማት ገብታ፣ ሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ገመድ ታያይዛለች።

«እትዬ ሽታዬ፣ የታካሚው ስም ሁሉ ተዛውሯል» አለች ቀና ብላ። «ለሙከራ የገቡትን ብቻ ነው የተውኳቸው። ታመው ለማያውቁ ሰዎች ካርድ ምን ያደርጋል?»

«ደግ አደረግሽ» አለች ሽታዬ።

አሮጌውን ፕሮግራም የሠራው ባሏ ይስሐቅ ነበር። ማስተማር በሌለበት ቀን እዚሁ ከጎኗ ተቀምጦ፣ መስኮቱ ጋ የሚቆመው ሰው ስሙን እንዴት እንደሚናገር ያዳምጥ ነበር። መፈለጊያው ሳጥን ላይ አንድ ነገር ባሻሻለ ቁጥር «ምሕ» ብሎ ይጽፋል። ምሕረት ልጃቸው ናት፤ ታማ የማታውቀውን ሽታዬን ለሙከራ ያስገባት እሱ ነው። ዝርዝሩ ወደ ታች ይዘረጋና ከሁሉ በላይ «የምሕረት እናት፣ ሽታዬ» የሚል ብቅ ይላል።

«ይኸው ተገኘሽ!» ይላታል።

«መቼ ጠፋሁና?» ትለዋለች፣ ክርኗ ክርኑን እየነካው።

ካረፈ ወዲህ ያንን ሁለት ፊደል ጽፋ አታውቅም። መኖሩን ማወቁ ይበቃት ነበር።

«ሳሮ፣ ሳሮ!» የሚል የወላይትኛ ሰላምታ መስኮቱን ሞላው። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ ያስደገፉ አሮጊት ናቸው። «የለማ እናት ነኝ።»

ረድኤት አዲሱን ልትሞክር ፈጠን ብላ ተቀመጠች። «እማማ፣ የራስዎን ስም ይንገሩኝ።»

«ዘመነች።»

ዝርዝሩ ተዘረጋ። ዘመነች በዘመነች ላይ ሆነና ስክሪኑ አልበቃ አለ።

«የአባት ስም?»

«አባቴ ደግሞ መቼ ታሞ መጣ?»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ሳቁ አሮጊቷን ደስ አሰኛቸውና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «የለማ እናት በይ፣ አንቺ ልጅ፤ ይወጣል። ከተበላ ከተማ እስከዚህ በለማ ነው የሚያውቁኝ። ያ መነጽር የሚያደርገው ሰውዬ ቶሎ ነው የሚያወጣኝ። የት ሄደ እሱ?»

ረድኤት አንገቷን ደፋች። ሽታዬ የተስተካከሉትን ካርዶች እንደገና አስተካከለች።

«አሁን እዚህ አይሠራም፣ እማማ።»

«ስታገኚው ሳሮ በይልኝ።»

«እሺ።»

ሽታዬ ወደ አሮጌው ዞራ «ለማ» ብላ ጻፈች። የለማ እናቶች ከነቀበሌያቸው ተደረደሩ፤ ከተበላ የመጡት አንዲት ናቸው። ካርዳቸውን ከመደርደሪያው መዝዛ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ረድኤትን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አይተው ሄዱ።

«በልጅ ስም ነው እንዴ የሚፈልገው?» አለች ረድኤት። «አንድ ዓምድ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ትቼው ነበር። የእኔ የሚያየው የታካሚውን ስም ብቻ ነው።»

«እዚህ አገር እናት በልጇ እንደምትጠራ መቼም አታጪውም።»

«ኧረ እናቴንም የረድኤት እናት ነው የሚሏት! ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ግን የምን አገር ሰው እንደምሆን እንጃልኝ።»

ሽታዬ ፈገግ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ልትለው ያሰበችው ነገር አሁን መንገድ አገኘ።

«ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም» አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ይሄ ብቻ ወደ አዲሱ ይሻገር። አሮጌው ሳይነቀል።»

ረድኤት አንገቷን ነቀነቀችና ሥራዋ ላይ አጎነበሰች። ወረፋው ሳስቶ፣ መስኮቱ ላይ የነበረው የጠዋት ፀሐይ ወደ ጣሪያው ከወጣ በኋላ ወንበሯን ገፋ አደረገች።

«ይሞክሩት እስቲ። የሚያውቁትን ሰው ይጻፉ።»

ሽታዬ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ምሕ» ብላ ጻፈች። ዝርዝሩ ከአሮጌው ፈጥኖ ወረደ። የምሕረት እናት፣ ትዕዛዝ። የምሕረት እናት፣ ብርሃኔ። የምሕረት እናት፣ ማርያማዊት።

«ሠራ አይደል?»

«ሠርቷል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ረድኤት ጠረጴዛው ሥር ገብታ የአሮጌውን ገመድ ነቀለች። የማራገቢያው ድምፅ ቀስ እያለ ቆመ። ሽታዬ አዲሱ ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ እስከ ታች ወረደች፤ ደግሞ ወደ ላይ ተመለሰች።

የምሕረት እናት፣ ሽታዬ የለችም።