ደጃፍ ላይ የቀረበ ምሳ

ስንዱ ለወንድሟ ለመርዕድ ምሳ ያቀረበችለት ከበሩ ውጭ፣ ደረጃው ላይ ነው። የመርዕድ ወንጀል የአባታቸውን ተዝካር በክሬዲት ካርድ ደግሶ በጊዜው አለመክፈሉ ነው። ሰፈሩ በልቶ መርቆታል። ዛሬ ዕዳውን ጨርሶ ከፍሏል፤ የብድር ታሪኩ ግን አልጸዳም። በሕጉ መሠረት እንዲህ ያለ ሰው የገባበት ቤት የጤና መድን ክፍያ እጥፍ ይሆናል፤ የሚገባውን የሚቆጣጠረው በሩ ራሱ ነው። ሌባ ቢገባ ግን ይህ በር ትንፍሽ አይልም!

ስንዱ እጥፉን መክፈል አትችልም። መድኑ ከተቋረጠ ደግሞ የልጇ የማርሸት የልብ መድኃኒት ይቋረጣል።

«እታለም፣ ወጡ ጨው አንሶታል» አለ መርዕድ እየሳቀ። «ጨውም በመድን ሆነ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ፣ አንተ ቀልደኛ!»

ማርሸት ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «አጎቴ፣ አጉርሰኝ!»

መርዕድ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። እጁ ደፉን ሊያልፍ ሲል በሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። ስንዱ የወንድሟን እጅ በመዳፏ መታችው፤ ጉርሻው መሬት ላይ ተበተነ። ልጅቷ አለቀሰች።

ስንዱ በሩን ዘጋች።

«እናመሰግናለን» አላት በሩ በለስላሳ ድምፅ። «ክፍያዎ አልጨመረም።»