የሚገፋ ድምፅ

ራይና ድምፅ መቅዳትን የተማረችው ብቻዋን፣ እየተሳሳተች ነው። በጓዳው ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅላ፣ የቃሪያ ጠርሙሶቹ ዘፈኑን ተቀብለው እንዳይንቃጨሉ በመካከላቸው ካልሲ ጠቅጥቃ የሁለት አክስቶቿን ዘፈን ቀድታ ነበር። ከሶፊያ ከተማ ወጣ ባለው መንደራቸው ደንብ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዘፈኑ። በወሩ ታላቅየዋ ቬላ ሞተች፤ ድምጿ የቀረው በዚህ ቅጂ ብቻ ነው። ዛሬ ራይና ሥራውን ጨርሳ ለታናሽየዋ ለጊና አሰማቻት።

«ያምራል፣ የኔ ልጅ» አለች ጊና። «ቬላ ግን የት ሄደች?»

«ይኸው ድምጿ ይሰማል እኮ፣ አክስቴ!»

«ድምጿማ ይሰማል፤ አትገፋኝም እንጂ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትገፋኝ ኖራ፣ ሞታ ጨዋ ሆነች?»

ራይና ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን አቋርጣ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ሁለቱ ድምፆች ተጠጋግተው የሚጋጩበትን ቦታ ሁሉ ስህተት መስሏት፣ የቬላን ድምፅ ቃና ከፍ እያደረገች ከጊና ጋር አስማምታው ነበር። ለካ የቬላ መግፋት ያ ግጭት ነበር። ያረመችውን አንድ በአንድ መለሰች። የጨመረችበትን ማሚቶ አነሳች። የሁለቱን ድምፆች ጉልበት እኩል አድርጋ ጎን ለጎን አስጠጋቻቸውና አጫወተችው። ድምፆቹ ተፋጭተው እንደ ደወል አቃጨሉ።

ጊና ዓይኗን ጨፈነች። እጇ በጎኗ ዳበሰ፤ የራይናን ክርን አገኘና ጨበጠው። ከዚያ ራይና ከወንበሯ ልትወድቅ እስክትደርስ ድረስ በትከሻዋ ገፋቻት።

«ቀስ በይ አንቺ!» አለች። የተናገረችው ግን ለራይና አልነበረም።