ውሃ ገዳዩ

«ጨዎቹ ውሃ ይገድላሉ» ይሉ ነበር የሰፈራችን አለቃ ጋሽ ደርሰህ፣ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር። ዓለም ከነደደች በኋላ በዚህ በረሃ የተረፍነው ሁለት ሰፈር ነን፤ ጉድጓድ ያለን እኛና ጨው ሜዳ ላይ የሰፈሩት፣ «ጨዎቹ» የምንላቸው እነሱ።

ጉድጓዳችን ደፍርሶ ግማሹ ሰፈር በተቅማጥ ተኝቷል። እህቴ ስንዱ መነሳት ካቃታት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ያን ለት ረፋድ ላይ አንድ የጨዎቹ ሽማግሌ ትንሽ ከረጢት ይዞ በራችን ላይ ቆመ። አነጋገራቸው ግራ ስለሚያጋባ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ከተቀዳደደ መጽሐፍ ብቻዬን ፊደል የቆጠርኩ፣ የሰው ስህተት የማላሳልፍ።

«ውሃችሁን ልገድልላችሁ መጣሁ» አለኝ።

ሳቄ መጣ። «ላችሁ»ን ከ«ባችሁ» እንኳ አይለይም!

«ምን ይላል ይሄ?» አሉ ጋሽ ደርሰህ።

«ልገድልባችሁ መጣሁ ይላል» አልኩ። አረምኩለት።

በድንጋይ አባረሩት። ጥሎት የሮጠውን የዱቄት ከረጢት ያቃጠልኩት እኔው ነኝ። ስንዱ በሳምንቷ ሞተች። ቀብሯ ላይ ጋሽ ደርሰህ፣ «ያንቺ ጆሮ ባይኖር ሁላችንም አልቀን ነበር» አሉኝ።

በወሩ አንዲት የጨዎቹ ሴት ጨው በቆዳ ልትለውጥ መጥታ ውሃ ለመነችኝ። ድፍርሱን በጣሳ ሰጠኋት። ከቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችውን የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ዱቄት ጨመረችበት፣ አማሰለችው፣ መሬት አስቀምጣም ጠበቀች። ጭቃው ዘቀጠ፤ ውሃው ጠራ።

«ምን አደረግሽው?»

«ገደልኩት» አለች፤ ጠጥታም ጣሳውን መለሰችልኝ። «እናንተ ሳትገድሉት ነው እንዴ የምትጠጡት?»