ገረባ ለቃሚዋ

ሥራዋ ያንገሸግሻታል። ቃሚዎች ቅጠሉን ቀንጥበው የጣሉት ገረባ ከየጫት ቤቱ ተጠርጎ በጆንያ ይመጣል። ተፈጭቶ ዱቄቱ ለችፑድ ጣውላ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት በመሃሉ ያለውን ቆሻሻ በእጇ የምትለቅመው እሷ ናት። የሲጋራ ቁራጭ አለ፣ የለውዝ ቅርፊት አለ፣ ከሁሉ የሚብሰው ግን ታኝኮ የተተፋው ነው። ጣቷ ላይ ይጣበቅባታል።

ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ዋልኩ» የሚለው ባሏ ገና ከበሩ ሲያያት አፍንጫውን ይይዛል።

«እባክሽ ሳትታጠቢ እንዳትጠጊኝ! የጫት ነገር እንደሚቀፈኝ እያወቅሽ!»

እሷም አፍራ ደጅ ላይ፣ በዚያ ብርድ ትታጠባለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በእጮኝነታቸው ጊዜ የዛፍ ልጥ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ፣ ጫፉን ሁለት ቦታ ቋጥሮ ቀለበት አድርጎላት ነበር። እጁ ሥራ ሲፈታ ያገኘውን ሁሉ መጎንጎን አመሉ ነው።

ዛሬ አንዱን ጆንያ ዘርግፋ ስትለቅም አንድ ነገር አየችና እጇ ባለበት ቀረ። አነሳችው። ምራቁን ከላዩ በቀሚሷ ጠረገች።

ማታ ሳትታጠብ ገባች።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ከነግማትሽ?» አለና አፍንጫውን ያዘ።

አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና የቆሸሸ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ላይ ከጫት ልጥ የተጎነጎነ ቀለበት ነበር። ጫፉ ሁለት ቦታ ተቋጥሯል።