የአድማሴ ብየዳ

የትነበርሽ የአባቷን አሮጌ ቮልስ ፒያሳ ጋራዥ ድረስ አምጥታ፣ "አያ ሀዳነ፣ አዲሱ የጭስ ማውጫ ማርሚታ አልገጥም አለ፤ ነፍሱን ይማረውና አድማሴ ቢኖር ኖሮ..." አለች።

ሀዳነን ቅናት አንገበገበው። ሃያ ዓመት አብረው ሲበይዱ ደንበኛው ሁሉ የሚጠራው አድማሴን ነበር። ሥራ ሲጨርስ "በሥላሴ ስም" እያለ ቱቦውን ሦስት ጊዜ በመዶሻ መምታቱን እንኳ ሰው ይወድለት ነበር። ይኸው ሞቶም አለቀቀውም።

ማርሚታው እውነትም የማይረባ ነው፤ ቆርቆሮው ስስ፣ አንገቱ አጭር። ሀዳነ ቆርጦ ቀጠለው፤ ብየዳው ግን ተዝረከረከበት። ተናዶ ጋራዡን ቆልፎ ምሳ ሄደ።

ሲመለስ መጋጠሚያው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ተበይዷል። የአድማሴ እጅ ነው። ከፍርሃቱ ቅናቱ ቀደመና በሞረድ ሞርዶ አጠፋው። እንደገና ራሱ በየደና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሲመለስ ያው የዓሣ ቅርፊት፤ ገና ያቃጥላል።

የትነበርሽ መጣችና አጎንብሳ አየች። ከማኪናው ሥር ማንም አልነበረም።

"ውይ፣ ሸጋ! አያ ሀዳነ፣ ይሄ የርስዎ ሥራ ነው?"

"ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል?"

ከማኪናው ሥር ቱቦው አንዴ ተመታ። ሁለቴ።

የትነበርሽ ሦስተኛውን ሳትጠብቅ አማተበች።