የሽኝት ጃንጥላ

«መቀስ አምጡልኝ» ይላሉ የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበሩ ሽማግሌው ኩዎክ፣ ለእንግዶቹ የሚያሳዩትን ፈገግታ ሳያጠፉ።

ቀዩ የሐር ጃንጥላ ወደቡ ላይ ተዘርግቷል። እኛ ዘንድ ደግ ሹም ሲሰናበት ሕዝቡ የየራሱን ስም ጃንጥላ ላይ አስጠልፎ ይሸኘዋል። የዛሬው ተሸኚ እንግሊዞች የሾሙብን አገረ ገዢ ሰር ፊንባር ኮስቴሎ ናቸው። ደግ ናቸው አይደሉም የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

ስሞቹን የጠለፈችው ሱክ-ዪን ናት። ከተሰጣት ዝርዝር አንድ ስም ጨምራለች፤ የባሏን፣ ነገ ጠዋት የሚሰቀለውን የሌንግ ፉክን።

«ምን አባሽ ነካሽ አንቺ ሴት?» ይላሉ ኩዎክ። «የነፍሰ ገዳይ ስም ከእኔ ስም ጎን?»

«ባሌ ሰው አልገደለም፣ አባባ። ገደለው የተባለው ዘበኛ የሞተ ቀን ባሕር ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ነበር። ሰሚ አጣሁ እንጂ።» ስሙን በመዳፏ ሸፍናለች። «ከቆረጡም ከነጣቴ ይቁረጡት።»

ገዢው ዞር ይላሉ። «ምንድን ነው የምትለው፣ ላው?»

እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሚጎረብጠውን ሁሉ እያለሰለስኩ ነው ያቀበልኳቸው። ዛሬ አንጀቴ እምቢ ይለኛል፤ አንድ ቃል ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።

ፊታቸው አመድ ይመስላል። አገራቸው አየርላንድ ሳሉ፣ ሊሰቀል ለተፈረደበት ገበሬ ሁሉ ፓርላማ ውስጥ ቆመው የሚጮኹ ፖለቲከኛ ነበሩ አሉ። ኋላ ሹመት መጣና አፋቸውን ያዘው። ባለፈው ማክሰኞ የሌንግ ፉክን ሞት ሲፈርሙ ወረቀቱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። አንዴም አላመነቱም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ለስድስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ።»

ልክ በስድስት ሰዓት መድፍ ይተኮሳል፤ የሳቸውም ሥልጣን እዚያ ላይ ያበቃል። ተተኪያቸው ከወደቡ ፊት ለፊት መርከብ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ምሕረት የሚባል ነገር እንደማያውቁ ገና ሳይመጡ ሰምተናል።

«ብዕር» ይላሉ። ወረቀት እስኪፈለግ አይጠብቁም። ከነማዕረግ ልብሳቸው ድንጋዩ ላይ ይንበረከኩና ሐሩ ላይ፣ ከሌንግ ፉክ ስም ሥር ይጽፋሉ። ሐሩ ቀለሙን ይስባል፣ ብዕሩ በክር ይያዛል። «ሞቱን ሽሬ ምሬዋለሁ።» ቀኑን ይጽፋሉ። ፊንባር ብለው ይፈርማሉ፤ ኮስቴሎ ሊሉ ሲጀምሩ መድፉ ይጮኻል።

እጃቸው ባለበት ይቆማል።

«ሰር ፊንባር» ይላል ጸሐፊያቸው፣ ክቡርነትዎ ማለቱን ወዲያው ትቶ። «ሰዓቱ አልፏል።»

«ይጨርሱት» እላለሁ እኔ። ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። «የቀረው ጥቂት ፊደል ነው። ሰዓት ቆጥሮ የሚመሰክር የለም። ይጨርሱት፣ በፈጠረዎት።»

ጸሐፊያቸውን ያያሉ። የተሰለፉትን ወታደሮች ያያሉ። ከዚያ ብዕሩን በቀስታ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡና ጉልበታቸውን እያራገፉ ይነሳሉ።

«አንተው ንገራት፣ ላው» ይሉኛል። ዓይኔን አያዩኝም።

ገና ሳልነግራት ሱክ-ዪን ግንባሯን መሬት ታስነካለች። «ሰማይ ይክፈልዎት፣ ጌታዬ። ልጆችዎን ያሳድግልዎት።» የእንግሊዝኛ ፊደል አታውቅም። ጽሑፉ እንዳይበላሽባት ጎንበስ ትላለች፤ ጃንጥላውን በሁለት እጇ ይዛ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ፣ እፍ ትላለች።