የመኪናው ቁልፍ

ገና ሳይነጋ በሩ ሲንኳኳ የነጋዴው ሚስት አልደነገጠችም። በሽኩና ዳሌት ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር መርዶ ነጋሪዎቹ የሚሰባሰቡት እሷ ሳሎን ነበር፤ ሰባት ሰው በሚይዘው መኪናዋ ወደ ሐዘንተኛው ቤት የምታደርሳቸውም እሷው ነበረች። በሩን ከፍታ አስገባቻቸውና ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቁልፏን ይዛ ተመለሰች።

«ዛሬስ ወደ ማን ቤት ነው?» አለች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«በሉ እንጂ፣ ሰዎቹ ወደ አቮዳ፣ ወደ ሥራቸው ሳይወጡ እንድረስ። ባለቤቴ ለንግድ ሄዶ ኤይላት ከተማ አድሯል፤ እንደወትሮው እኔው እነዳለሁ።» ቁልፉን አንቃጨለች። የተነሣ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ እማማ ደመቀች ብድግ አሉ። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር አጠገቧ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። የጨበጠችውን መዳፏን ቀስ ብለው ከፍተው ቁልፉን ወሰዱባት።

«ቁጭ በይ ልጄ፣» አሉ፤ «ዛሬ የትም አንሄድም።»